ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት በነጻ

የኮንትራት መኪና ነጂ ነኝ። ተራራ ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ከጎንደር ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር አደርሳለሁ። ሙሽራም ይሁን ሕመምተኛ፣ መኪናዋን ሙሉውን ለተከራየኝ ሁሉ እታዘዛለሁ። የማይፈቀድልኝ እንደ ሚኒባስ በየመንገዱ እየቆምኩ፣ ሰው በሰው እያስከፈልኩ መጫን ነው። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ አከብረዋለሁም። ባለቤቴ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «ሁለቴ የተቀጣው ታዲያ ማን ነው?» ትለኛለች።

እውነቷን ነው፣ ሁለቴ ተቀጥቻለሁ። አንዱ በፍጥነት ነው፣ እሱን አልክድም። ሁለተኛው ግን ደባርቅ ገበያ አጠገብ መሀል አስፋልት ላይ የተኛች ላም እስክትነሳ ጠብቄ «ክልክል ቦታ ቆመሃል» የተባልኩበት ነው። ላሟን ማንም አልጠየቃትም። ሁለቱም ጥፋቶች መዝገብ ላይ ስለሰፈሩ፣ ሦስተኛ ከተጨመረብኝ መንጃ ፈቃዴ ለስድስት ወር እንደሚታገድ አስቀድሞ ተነግሮኛል። ስድስት ወር ማለት ደግሞ ከመስቀል በኋላ ያለው የእንግዳ ወቅት በሙሉ ማለት ነው። እንግዳ እንደ ልብ በማይመጣበት በዚህ ዘመን፣ አንድ አስጎብኚ ወዳጄ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለት ቡድን እንግዶች ለኔ ይዞልኝ ነበር። እንደ መስታወት ዕቃ ስጠነቀቅ ከረምኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሕመምተኛ ጎንደር አድርሼ ባዶዬን ስመለስ፣ ወገራ ላይ ጉሙ መኪናዋን ዋጣት፣ ዝናቡም ተከተለው። ከአምባ ጊዮርጊስ መውጫ ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ላስቲክ ተከናንበው ቆመዋል። አንዷ አዛውንት እናት ናቸው፤ በጉያቸው ከቅርጫት ውስጥ አንገቷን ያወጣች ዶሮ ይዘዋል። ሌላው ወደ ዋልድባ የሚሄዱ መነኩሴ ናቸው። በኛ መንገድ ባዶ መኪና ይዘህ ዝናብ የሚመታቸውን ሽማግሌዎች ካለፍክ፣ ሳይመሽ እናትህ ጆሮ ይደርሳል። ቆምኩ።

እናትየዋ ከፊት፣ መነኩሴው ከኋላ ተቀመጡ። መነኩሴው ገና በሩን ሳልዘጋ ተኙ። እናትየዋ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ስንት እንደወለድኩ፣ ለምን አንድ ብቻ እንደወለድኩ ጠየቁኝ። እሳቸው የወለደች ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነው፤ ዶሮዋን አማቻቸው ነው የሰጣቸው። ብርድ እንዳይመታት መስኮቱን እንድዘጋ አዘዙኝና ዘጋሁ። ዳባት እስክንደርስ ሙቀቱም፣ ሽታውም፣ ጨዋታውም አንድ ላይ ሆኖ ሆዴ ደስ ብሎት ነበር።

ዳባት መግቢያ ላይ የዝናብ ልብስ የለበሰ ወጣት ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

«ሊብሬና መንጃ ፈቃድ።»

ሰጠሁት። አገላብጦ አየና አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። «ኮንትራት ናቸው?»

«አይደሉም። ዝናብ ሲመታቸው አግኝቼ ነው። በነጻ ነው።»

«ሁሉም በነጻ ነው የሚሉት» አለና ወደ እናትየዋ ዞረ። «እማማ፣ ከፍለዋል?»

አሁን ሲታወሰኝ የሚያስቀኝ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቴ ነው። እሳቸው «አልከፈልሁም» ሊሉ ነው፣ እኔ ልሄድ ነው፣ አለቀ። እማማ ግን ቀና አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዶሮዋንም አስተካከሉ።

«ምን ማለትህ ነው? ከፍያለሁ እንጂ! በነጻ የምሄድ መሰልሁህ?»

«እማማ!» አልኩ።

ክንዴን ቆንጠጥ አደረጉኝ፤ ለኔ ተወው ማለታቸው ነው። ከዚያም አውራ ጣታቸውን ወደ ኋላ ወንበር ቀሰሩና «እሳቸውም ከፍለዋል» ብለው ጨመሩ። መነኩሴው በእንቅልፋቸው ውስጥ አንዴ አንኮራፉ።

ስምል ስገዘት ፖሊሱ ወረቀቱን ጻፈ። «ከተፈቀደለት ሥራ ውጭ ሰው እያስከፈለ ሲጭን ተገኘ» ይላል። መንጃ ፈቃዴን ያዘና መኪናዋን ቤቴ እንዳደርስ ብቻ ፈቀደልኝ። ከዳባት አልፎ እማማ እስከሚወርዱበት መገንጠያ ድረስ ዓይኔን መንገዱ ላይ ተክዬ ነዳሁ፤ አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ ስለማላውቅ። እሳቸው ግን ሲወርዱ ፊታቸው ሁሉ በርቷል።

«አይዞህ ልጄ፣ አዳንሁህ» አሉኝ። «ከክፉ ይሰውርህ።»

ምን እንዳሰቡ የገባኝ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። በአንድ ወቅት የጎንደር አውቶቡስ ላይ ተቆጣጣሪ ወጥቶ፣ ቲኬት የሌለውን ሰው መሀል መንገድ ላይ ሲያወርድ አይተዋል፤ በጨዋታችን መሀል ነግረውኝ ነበር። መኪናዋ የሌላ ሰው መስላቸው፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሰው በነጻ ስጭን የተያዝኩ ቅጥረኛ አድርገው ቆጥረውኛል። የዋሹት ለኔ ነው። ባለቤቴ ይህን ስነግራት ከሳቋ የተነሳ የያዘችውን ሰሃን ማስቀመጥ ነበረባት። ስትጨርስ ግን «ስድስት ወር?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም።

በማግስቱ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ላስቲክ ወጥረው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኬን ሰማ፣ አዘነ፣ አራት ገጽ ጻፈ። ሲያነብልኝ እኔ ራሴ አለቀስኩ ማለት ይቻላል። በማመልከቻው ላይ ሕጻናት ልጆቼ ለልመና ሊወጡ ነው፤ አንድ ልጅ ብቻ እንዳለኝ፣ እሷም ትምህርት ቤት እንደምትሄድ ነገርኩት። «አንድ ልጅ አንጀት አይበላም» አለኝ። በስንት ክርክር አንድ ገጽ አደረግነው።

የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ቅሬታ ሰሚዎች ማመልከቻውን ተቀብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ተሳፋሪዋ ከፍያለሁ ብላለች። አልከፈልሁም የምትል ከሆነ ትምጣና ትናገር።» ለሳምንት ቀጠሩኝ። መነኩሴው እንዳይታሰቡ፣ ያኔ ዋልድባ ገብተዋል፤ ስልክም የላቸውም። የቀሩኝ ባለ ዶሮዋ ናቸው።

መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ከደባርቅ መውጫ ላይ ቆሜ የሚያውቁኝን የኮንትራት ሹፌሮች መጠበቅ ጀመርኩ። አንዱ መጣ፤ እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ። ሁለተኛው ጥሩምባ ነፋልኝና አለፈ። ሦስተኛው ፍጥነቱን ቀነሰና በመስኮቱ «ወንድሜ፣ ያንተን ጉድ ሰምተን እኮ ሰው መጫን ተውን!» ብሎኝ ሄደ። በመጨረሻ በሚኒባስ ተጋፍቼ መገንጠያው ላይ ወረድኩና በጭቃው ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ነጂ በእግሩ ሲሄድ እንዴት እንደሚያሳዝን ከራሴ በላይ የሚያውቅ የለም።

ዶሮ ይዘው ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡትን እናት እያልኩ ስጠይቅ፣ ገብሱን ሊያይ የወጣ አንድ ገበሬ ቤታቸውን ሊያሳየኝ አብሮኝ መጣ። የሄድኩበትን ነገር ብነግረው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እሳቸው ዋሹ? አይሆንም» አለ። «እዚህ አገር ሁለት ሰው በድንበር ቢጣላ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የማን ማሳ እስከየት እንደነበር ያስታውሳሉ። እዚህ ጋ ነው ካሉ ማንም አማላጅ አይልክም፣ ማንም አያስምላቸውም። ያበቃል።»

ይህን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር። እኔ የምሄደው ዋሽቻለሁ እንዲሉልኝ ልለምናቸው ነው።

እማማ እንዳዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «አባረረህ?»

«ማን?»

«ባለ መኪናው!»

መኪናዋ የኔው እንደሆነች ነገርኳቸው። አላመኑኝም፤ ጫማዬን አዩ። ቀስ በቀስ ሲያምኑኝ ተቀመጡና እሸት ባቄላ አቀረቡልኝ። እየፈለፈልኩ ሁሉን አስረዳኋቸው። በነጻ መጫን እንደማያስከስስ፣ የሚያስከስሰው ማስከፈል እንደሆነ ስነግራቸው ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«እንግዲያ በነጻ ብሄድ ደግ ነበር፣ ብከፍል ነው ወንጀል?»

«አዎ እማማ።»

«ይኸን ሕግ ያወጣው ሰው መኪና ተሳፍሮ ያውቃል?»

ወዲያውም መላ አገኙ። «በቃ እመጣለሁ። ልጅ ነው፣ ያጠፋል፣ ይቅር በሉት ብየ እለምናቸዋለሁ። ሁለት ሽማግሌም እይዛለሁ።»

«አላጠፋሁም እኮ!» አልኳቸው። «ይቅር በሉት ካሏቸውማ አጥፍቷል ማለት ነው። እርስዎ ብቻ ይምጡና አልከፈልሁም ይበሉ።»

ባቄላ ይፈለፍሉ የነበሩት ጣቶቻቸው ቆሙ። «ታዲያ ያኔ ለምን ከፈልሁ አልሽ ቢሉኝስ?» አሉ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ የሄድኩ ሰው ነኝ። ገበሬው መንገድ ላይ የነገረኝ ትዝ አለኝ። «ይተዉት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስድስት ወሩን አሰብኩ፣ ልጄን አሰብኩ፣ እንግዶቹን ለሌላ ሰው የሚሰጠውን ወዳጄን አሰብኩ። «የቀጠሮው ቀን ሐሙስ ነው» አልኳቸው። በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሐሙስ ጠዋት እማማ ደባርቅ መናኸሪያ ከሚኒባስ ሲወርዱ፣ ነጭ ለብሰው፣ የመሳፈሪያ ቲኬታቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ሳይጠይቃቸው አሳዩት። ደረጃ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ አሳዩ። ከቅሬታ ሰሚዎቹ ፊት ሲደርሱም ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሰብሳቢው መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ቲኬቱን በአክብሮት አይተው መለሱላቸው።

ትራፊክ ፖሊሱም መጥቶ ግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ያለ ዝናብ ልብሱ ሲታይ ከጠበቅኩት በላይ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ያን ቀን ለዚህ ሰው ከፍለው ነበር?» ሲሉ ሰብሳቢው ጠየቁ።

እማማ ተነሱ። ቁጭ ብለው እንዲናገሩ ቢለመኑም እምቢ አሉ።

«አልከፈልሁም። መነኩሴውም አልከፈሉ። ይኸ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ከፍያለሁ ያልሁት ዋሽቼ ነው።»

ሰብሳቢው ደግ ሰው ነበሩ፤ ብዕራቸውን ይዘው ወደ ጸሐፊዋ ዘንበል አሉና «ጥያቄው ሳይገባቸው ተሳስተው ከፍያለሁ እንዳሉ... ብለሽ ጻፊው» አሏት። እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ። ለሳቸውም ለኔም የሚበጅ ቃል ነው።

«አይሆንም» አሉ እማማ። «አልተሳሳትሁም። ገብቶኛል፣ አውቄ ነው የዋሸሁ። ስቼ ቢሆን እዚህ ድረስ ምን አመጣኝ? እንዳልሁት ጻፊው ልጄ።»

ጸሐፊዋ ሰብሳቢውን አየች፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን አዩ። እንዳሉት ተጻፈ። ተነበበላቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞሩና «አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው። የኔ ቃል ነው ያሳሳተህ» አሉት። ልጁ ተነስቶ ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ። በኋላ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን ያወረዳቸው እሱ ነው። ልቆጣው ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ የትም ሳይደርስ ቀረ።

ቅጣቱ ተነሳልኝ፤ መንጃ ፈቃዴም ተመለሰልኝ። ከሱ ጋር ግን አንድ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ለወደፊቱ መኪናዋን ከተከራየው ሰው በስተቀር ማንኛውንም ሰው፣ በክፍያም ይሁን ያለ ክፍያ፣ ጭኜ ብገኝ ይግባኝ የለኝም ይላል። እማማ አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ቤታቸው ላድርሳቸው ብዬ መኪናዋን ሳስነሳ «አሁን ምን ብለህ አነበብህልኝ?» አሉኝና መናኸሪያው ድረስ በእግራቸው ሄዱ። መኪናዋን ትቼ ተከተልኳቸው። ቲኬታቸውን ራሳቸው ቆረጡ። የኔን ቆርጬ ልሸኛቸው ብላቸው እንኳ እምቢ አሉ።

እንግዶቼ ከመስቀል በኋላ መጡ፤ ሳንቃ በር አደረስኳቸው፣ መለስኳቸው። ወቅቱ ደህና ነበር። ባለቤቴ አንዳንድ ቀን መኪናዋ ውስጥ ስትገባ «ከፍያለሁ» ትለኛለች፤ እስቃለሁ። ጥቅምት ላይ ግን ያ ቤታቸውን ያሳየኝ ገበሬ ደባርቅ ገበያ አገኘኝ። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው እማማን ጠይቀው ነበር አለኝ። እሳቸው ድንበሩን ካሳዩ በኋላ የተፈረደበት ወንድም «ደባርቅ ሂደው ዋሽቻለሁ ብለው የፈረሙት እሳቸው አይደሉም ወይ?» አለ። እማማ ምንም ሳይመልሱ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ነገሩ አሁን ፍርድ ቤት ነው። ገበሬው ይህን የነገረኝ እኔን ሊወቅስ አልነበረም፤ እንዲያው ወሬ አድርጎ ነው። እኔም የበግ ዋጋ ጠየቅኩት። ያን ቀን የነበረኝን ሐዘን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከጎንደር ባዶዬን ስመለስ፣ ዳባትን አልፌ እሳቸው የሚወርዱበት መገንጠያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አየኋቸው። ሩብ ኩንታል የሚሆን እህል በጀርባቸው አዝለው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። የመኪናዋን ድምፅ ሲሰሙ ዞር ብለው አዩ። አወቋት። ወዲያው ከመንገዱ ወረዱና ከቦዩ ማዶ ካሉት ባሕር ዛፎች መሀል ገብተው፣ ጀርባቸውን ለአስፋልቱ ሰጥተው ቆሙ። መጀመሪያ የተቀየሙኝ መሰለኝ። መኪናዋን አቁሜ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«እማማ፣ ይግቡ። የመጣው ይምጣ፣ ላድርስዎ።»

ከነሸክማቸው ዞሩ። ላቡ በግንባራቸው ይወርዳል፣ ፊታቸው ላይ ግን ቅያሜ የለም። መንገዱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች አዩ፤ ሰው እንዳያየኝ ፈርተው ነው።

«ሂድ ልጄ፣ ቶሎ ሂድ» አሉኝ። «እኔ መንገደኛ አይደለሁም። ጥላ ፈልጌ ነው የወጣሁት፣ የትም አልሄድም።»

ያዘሉትን እህል አየሁ። «እሺ እማማ፣ ደህና ይዋሉ» አልኳቸውና ሄድኩ።